ኔትወርክ እያለ የማይከፈት ትምህርት፦ ከሞያሌ ድንበር የሚታየው የበይነ መረብ ትምህርት ሥነ ልቦና

በኬንያዋ ሞያሌ የሚኖር ተማሪ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግበት የኤሌክትሪክ ኃይል ለዓመታት ከኢትዮጵያ ሲሻገር ኖሯል። ከተማዋ ከኬንያ ዋና የኃይል መስመር እጅግ ርቃ በመገኘቷ፣ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኩባንያ ለሞያሌ የሚያስፈልገውን ኃይል ከጎረቤት አገር ሲገዛ ቆይቷል። በዚያው ስልክ የሚከፈተው ትምህርት ግን የሚዘጋጀው ናይሮቢ ነው፤ ቋንቋውም እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ነው። ተማሪው ከእናቱ ጋር የሚነጋገረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቦረና ኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በቡርጂ ቋንቋ ነው።

ስለ በይነ መረብ ትምህርት በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ኔትወርክ አለ ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዩኔስኮ በ2020 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መረጃ መሠረት፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገራት ከሚገኙ ተማሪዎች 89 በመቶዎቹ በቤታቸው ኮምፒውተር፣ 82 በመቶዎቹ ደግሞ ኢንተርኔት አልነበራቸውም። ነገር ግን ኔትወርኩም፣ ስልኩም፣ ኃይሉም በተሟላበት ቦታ ትምህርቱን ከፍተው የማያውቁ፣ ከፍተውም በሁለተኛው ሳምንት የሚተዉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ድንበር ከተማ መሄድ አያስፈልግም። ኤምአይቲና ሃርቫርድ የተባሉት ስመ ጥር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለመላው ዓለም ክፍት ያደረጓቸውን የበይነ መረብ ኮርሶች መረጃ የመረመሩ ባለሙያዎች ውጤታቸውን በ2019 ‘ሳይንስ’ በተሰኘው መጽሔት አሳትመው ነበር። ከተመዘገቡት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ወደ ኮርሱ አንድ ጊዜ እንኳ አልገቡም። በ2017 እና 2018 የትምህርት ዘመን ከተሳታፊዎቹ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ተመዝጋቢዎች የኢንተርኔት እጦት የሚያሳስባቸው ሰዎች አልነበሩም።

ነገሩን በስንፍና ማሳበብ ይቻላል፤ ብዙም አያስኬድም። ተመራማሪዎች ከአራት አስርት ዓመታት በላይ ሲያጠኑት የቆዩት ጉዳይ ሰዎች አንድን የቴክኖሎጂ ሥርዓት በልባቸው የሚቀበሉት ወይም የሚገፉት ምን ሲሆን ነው የሚለው ነው። ሞያሌ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ምቹ ማሳያ ናት። ሁለት የትምህርት ሥርዓቶች፣ ሁለት የጊዜ አቆጣጠሮች፣ በርካታ ቋንቋዎችና ሁለት የስልክ ኩባንያዎች በአንድ ጎዳና ግራና ቀኝ የሚኖሩባት ከተማ ናትና።

ኤም-ፔሳን ያልፈራ እጅ

ሞያሌ ከናይሮቢም ሆነ ከአዲስ አበባ በመኪና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የኬንያው ወገን በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ሲሆን፣ በ2019 በተደረገው ቆጠራ የመላው ካውንቲ ነዋሪ 460 ሺህ ገደማ ነበር፤ በቆዳ ስፋት ግን ካውንቲው ከኬንያ ግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የኢሲዮሎ–ሞያሌ መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት፣ መንገደኞች በከብት መኪና ላይ ተጭነው፣ በታጣቂ ታጅበው ቀናት የሚፈጅ ጉዞ ያደርጉ ነበር።

ይህ ሁሉ ርቀት ግን ከተማዋ ለቴክኖሎጂ እንግዳ ናት ማለት አይደለም። ሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ የተባለውን በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት በ2007 ኬንያ ውስጥ ሲጀምር፣ ከናይሮቢ ርቀው የሚገኙ ነጋዴዎችና አርብቶ አደሮችም ብዙም ሳይቆዩ ለመዱት። ፊደል በቅጡ ያልቆጠሩ ሰዎች ሳይቀሩ የምስጢር ቁጥራቸውን በቃላቸው ይዘው ገንዘብ ይልካሉ፣ ይቀበላሉ። ማንም ሥልጠና አልሰጣቸውም። ታዲያ አዲስ ነገርን በመፍራት የማይታማ ሰው ትምህርት በዚያው ስልክ ሲመጣለት ስለምን ያመነታል?

ለዚህ ጥያቄ መነሻ የሚሆን መልስ ያቀረቡት ፍሬድ ዴቪስ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ናቸው። ዴቪስ በ1980ዎቹ አጋማሽ በኤምአይቲ ለዶክትሬት ዲግሪያቸው የጀመሩትንና በ1989 በሰፊው ያሳወቁትን ንድፈ ሐሳብ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው ያቆሙት። ተጠቃሚው «ይህ ነገር ይጠቅመኛል?» ብሎ ያስባል፤ «ይከብደኛል?» ብሎም ያስባል። ወሳኙ ነገር ሥርዓቱ በእርግጥ መጥቀሙ ወይም መቅለሉ ሳይሆን ሰውየው ይጠቅመኛል፣ አይከብደኝም ብሎ ማመኑ ነው። ከሁለቱ ይበልጥ የሚመዝነው ደግሞ የጥቅሙ እምነት ሆኖ ተገኘ። ሰዎች ጥቅሙ የታያቸውን ነገር አስቸጋሪ ቢሆንም ይታገሱታል፤ ጥቅም የሌለውን ግን ቀላልነቱ አያተርፈውም።

ይህን በሞያሌ ገበያ ላይ አስቀምጦ ማየት ይቻላል። ፍየል ሻጩ በኤም-ፔሳ ገንዘብ ሲቀበል ጥቅሙን የሚያረጋግጥለት አጭር መልዕክት በዚያችው ደቂቃ ይደርሰዋል። አንዳች ነገር ከተበላሸ የሚጠይቀው ወኪል ሱቁ ውስጥ ተቀምጧል፤ ምናልባትም የአጎቱ ልጅ ነው። የበይነ መረብ ትምህርት ጥቅም ግን የሚገለጠው ከዓመታት በኋላ ነው። እሱም ተማሪው በማያያቸው ሰዎች፣ በፈተና አራሚዎችና በቀጣሪዎች እጅ ነው። መሐል ላይ የሚጠየቅ ሰው የለም። ስለዚህ ሁለቱን «ዲጂታል» ብሎ በአንድ ቅርጫት መጨመር የመሣሪያውን እንጂ የሰውየውን ስሌት አያሳይም።

የዴቪስን ሐሳብ ያስፋፉ ተመራማሪዎች በኋላ ሌሎች ነገሮችን ጨምረውበታል። ቪስዋናት ቬንካቴሽና ባልደረቦቻቸው፣ ዴቪስም ጭምር፣ በ2003 ስምንት የቀደሙ ንድፈ ሐሳቦችን አዋህደው ባቀረቡት ጥናት፣ ከጥቅምና ከቅለት ሌላ ሰው የሚያከብራቸው ሰዎች አስተያየትና የአመቺ ሁኔታዎች መኖር ሚዛን ውስጥ ገቡ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቀደመ ልምድና አጠቃቀሙ በፈቃድ ወይም በግዴታ መሆኑም ውጤቱን እንደሚለዋውጡት ታየ። ሞያሌን ለመሰለ ማኅበረሰብ «የሚያከብራቸው ሰዎች» የሚለው ሐረግ ከቃሉ በላይ ይሰፋል። አባት፣ የጎሳ ሽማግሌ፣ የመስጊድ ኢማም፣ ከናይሮቢ ተምሮ የተመለሰ ታላቅ ወንድም በአንድ ቤት ጉዳይ ላይ ድምፅ አላቸው። ልጅቷ ለሰዓታት ስልክ ላይ ብታፈጥ «እያጠናች ነው» ወይስ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» የሚባለው በእነሱ አንደበት ነው።

የማይቆጠር ልፋት

የኮቪድ-19 የመጀመሪያ ታማሚ በኢትዮጵያም በኬንያም መገኘቱ ይፋ የተደረገው በተመሳሳይ ቀን፣ ማርች 13 ቀን 2020 ነበር። በቀናት ውስጥ የሁለቱም አገሮች ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ማዘጋጃ ተቋም ትምህርቱን በብሔራዊው ሬዲዮ ጣቢያ፣ በትምህርት ቴሌቪዥንና በበይነ መረብ ማሠራጨቱን ገፋበት። ኡዌዞ የተባለው ድርጅት በዚያው ዓመት ባደረገው ዳሰሳ ግን የርቀት ትምህርቱን ማግኘት የቻሉት የኬንያ ልጆች ከመቶ 22 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

በጁላይ 2020 የወቅቱ የትምህርት ሚኒስትር ጆርጅ ማጎሃ የትምህርት ዘመኑ እንዳልነበረ ተቆጥሮ ተማሪዎች ክፍላቸውን እንደሚደግሙ አስታወቁ። በኦክቶበር ፈተና የሚጠብቃቸውና የተወሰኑ ክፍሎች ተማሪዎች ሲመለሱ፣ የቀሩት የተመለሱት በጃንዋሪ 2021 ነው። ውሳኔው የራሱ ፍትሕ ነበረው። ቴሌቪዥንም ሬዲዮም በሌለበት የከብት ሠፈር የከረመን ልጅ፣ ናይሮቢ ቤቱ ውስጥ በኮምፒውተር ከተማረው ጋር እኩል ፈትኖ መጣል አይቻልም።

ሆኖም ውሳኔው ሌላም ነገር አስተማረ። ለወራት ሬዲዮ ሥር ተቀምጦ ደብተሩን የሞላው ልጅ ልፋቱ በማንም መዝገብ እንዳልሰፈረ አየ። ወላጁም አየ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣ ማንኛውም የርቀት ትምህርት የሚመዘነው በዚህ ትዝታ ነው። የዴቪስን ቋንቋ ለመጠቀም፣ «ይጠቅመኛል» የሚለው እምነት ገና ከመነሻው ተጎዳ። ስለ በይነ መረብ ትምህርት የሚጻፉ የመንግሥት ሰነዶች የመሣሪያ ቁጥርን እንጂ ይህን ዓይነቱን ጉዳት ሲመዘግቡ አይታዩም።

በዚያው ዘመን አነስ ያለ፣ ግን ሊታለፍ የማይገባ ሌላ ልምድም ነበር። ኤኔዛ ኤዱኬሽን የተባለው የኬንያ ድርጅት ‘ሹፓቩ 291’ በሚል ስም የሚያቀርበው አገልግሎት ዘመናዊ ስልክም ኢንተርኔትም አይጠይቅም፤ ትምህርቱና ጥያቄው በአጭር የጽሑፍ መልዕክት ይመጣል። ተማሪው ያልገባውን ጽፎ መምህር የሚጠይቅበት መንገድም አለው። ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ሥዕል የለው፣ ቪዲዮ የለው። ግን በወዲያኛው ጫፍ የሚመልስ ሰው አለ። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ያማሩ መተግበሪያዎች ይህን አንድ ነገር ሲረሱት ይታያል።

«የማልችለው እኔ ነኝ»

የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ በ1977 ያስተዋወቁት ሐሳብ ሰው አንድን ሥራ ለመሞከርና በችግር ውስጥ ለመጽናት ከሚያበቁት ነገሮች ዋነኛው በችሎታው ላይ ያለው እምነት መሆኑን ያስረዳል። ባንዱራ የዚህን እምነት ምንጮች አራት ያደርጓቸዋል። ከሁሉ የሚጠነክረው ሞክሮ የመሳካት ልምድ ነው፤ እሱን የሚከተለው የሚመስሉትን ሰዎች ሲሳካላቸው ማየት ነው። የሌሎች ማበረታቻና በፈተና ጊዜ ሰውነት የሚሰማው መረጋጋት ወይም ድንጋጤም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

የበይነ መረብ ትምህርት በእነዚህ በአራቱም በር አዲስ ተማሪን ሊጎዳ ይችላል። የመጀመሪያው ገጠመኝ ብዙ ጊዜ ትምህርት ሳይሆን የይለፍ ቃል ነው። ሦስት ጊዜ «ተሳስተዋል» የሚል ምላሽ ያገኘ ሰው ጥፋቱን በሥርዓቱ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ይደፋል። ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅም እንደ እሱ ሲደናገር ያይና ይጽናና ነበር። ብቻውን ስክሪን ፊት የተቀመጠ ተማሪ ግን ሌላው ሁሉ የገባው፣ ያልገባው እሱ ብቻ ይመስለዋል። የገዛው ዳታ በየደቂቃው እያለቀ፣ ስልኩም የታላቅ ወንድሙ ሆኖ በአንድ ሰዓት ውስጥ መመለስ ካለበት፣ አእምሮው የሚያስበው ስለ አልጀብራ አይደለም።

ቋንቋው በዚህ ላይ ሲጨመር ነገሩ ይወሳሰባል። በኢትዮጵያ በኩል ባለው ሞያሌ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ይሰጣል፤ በኬንያው ወገን ልጆች ገና በለጋ ዕድሜያቸው ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። በማርች 2018 በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች በተገደሉበት ወቅት በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወደ ኬንያ ሸሽተው ነበር። በእንዲህ ያለ አጋጣሚ ድንበር የሚሻገር ልጅ የትምህርት ቋንቋው ብቻ ሳይሆን የትምህርት ዘመኑም ይቀየርበታል፤ ኢትዮጵያ ትምህርት የምትጀምረው በመስከረም፣ ኬንያ በጃንዋሪ ነው። ይህ ልጅ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የሒሳብ ትምህርት ሲከፍት ያልገባው ቋንቋው ነው። እሱ ግን «ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ ይዘጋዋል። አስተማሪ ቢኖር በአንድ ዓረፍተ ነገር ኦሮምኛ ሊያቃናው የሚችለው ስህተት፣ ስክሪኑ ላይ ስለ ራሱ የሚይዘው ድምዳሜ ሆኖ ይቀራል።

የጾታው ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የዓለም የሞባይል ኩባንያዎች ማኅበር የቅርብ ዓመታት ሪፖርቶች ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ሴቶች የሞባይል ኢንተርኔት የመጠቀም ዕድላቸው ከወንዶቹ በሲሶ ገደማ እንደሚያንስ ያሳያሉ። ምክንያቱ የስልክ ዋጋ ብቻ አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ስልክ የወንድሟ ንብረት ሆኖ ያየች ልጅ የመሣሪያው ባለቤት የመሆን ስሜት አይኖራትም፤ ስትሳሳት የሚከተለው ወቀሳም ይበረታባታል።

ከሁሉ የሚከብደው ምናልባት ከችሎታ እምነትም የረቀቀው የባይተዋርነት ስሜት ነው። ሬኔ ኪዚልቼክና ባልደረቦቻቸው በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ በዓለም አቀፍ የበይነ መረብ ኮርሶች ውስጥ ከታዳጊ አገሮች የመጡ ተማሪዎች ወደኋላ የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት «እኔን የመሰለ ሰው እዚህ ቦታ አለው ወይ?» የሚል ስጋት መሆኑን አመለከቱ። ኮርሱ ሲጀምር ተማሪዎቹ ለሕይወታቸው ትልቅ ቦታ ስለሚሰጧቸው እሴቶች ለጥቂት ደቂቃ እንዲጽፉ ማድረግ ብቻውን ልዩነቱን አጠበበው። ብዙዎች ዘዴውን እንደ ተአምር መድኃኒት አዩት። እነዚያው ተመራማሪዎች በ2020 ባሳተሙት ጥናት በ247 ኮርሶች ላይ ሲሞክሩት ግን ውጤቱ እጅግ ያነሰና ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ሆነ። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ጽሑፍ ግን አይነቀልም።

የፕላዝማው ዘመን ትዝታ

ኢትዮጵያውያን አንባቢያን ይህን ታሪክ ከሌላ አቅጣጫ ያውቁታል። በ2004 የኢትዮጵያ መንግሥት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት ጀመረ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ የሚቀርበው ይህ ትምህርት በተለምዶ «ፕላዝማ» ተባለ። ዓላማው ግልጽና የሚደነቅ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለ ተማሪና ሞያሌ ያለ ተማሪ እኩል ጥራት ያለው ትምህርት እንዲያገኙ።

የተከተለው ቅሬታ ግን በቴሌቪዥኑ ብልሽትና በመብራት መጥፋት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ፕላዝማው አይጠብቅም፣ አይደግምም፣ ጥያቄ አይቀበልም። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል ወስዶ፣ ለመምህሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተውለታል። ለዓመታት ያስተማረ መምህር በተማሪዎቹ ፊት የማሽን ረዳት ሆነ። ተማሪው መምህሩ ሲያንስ ካየ በኋላ ማሽኑን ማክበር ነበረበት፤ ማሽኑ ደግሞ አያውቀውም። አዲስ የማስተማሪያ ሥርዓት በክፍል ውስጥ ያለውን ሰው ክብር የሚነካ ከሆነ፣ ያ ሰው በግልጽ ባይቃወመውም በዝምታ ይገድለዋል።

በኬንያ የታየውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። መንግሥት ከ2016 ጀምሮ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ታብሌቶችና ሌሎች መሣሪያዎች አከፋፈለ። በበርካታ ትምህርት ቤቶች መሣሪያዎቹ ከቁም ሳጥን ሳይወጡ መክረማቸውን የአገሪቱ መገናኛ ብዙኃን ደጋግመው ዘግበዋል። የመንግሥት ንብረት በስሙ የተመዘገበበት ርዕሰ መምህር ስሌት ለመረዳት አያስቸግርም። ታብሌቱ ከተሰረቀ ወይም ከተሰበረ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ባይከፈት ግን የሚጠይቀው የለም። ይህን ስሌት በሥልጠና ብዛት መለወጥ አይቻልም፤ የሚለወጠው ተጠያቂነቱ ሲለወጥ ነው።

መምህራኑ ራሳቸው ተማሪ ሲሆኑም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል። የኬንያ መምህራን አገልግሎት ኮሚሽን በ2021 መምህራን የሙያ ፈቃዳቸውን ለማደስ ሊወስዱት የሚገባ፣ በአመዛኙ በበይነ መረብ የሚሰጥ ሥልጠና ይፋ አደረገ። ክፍያው በዓመት 6,000 ሽልንግ ሆኖ ከመምህሩ ኪስ የሚወጣ ነበር፤ የመምህራን ማኅበራትም አጥብቀው ተቃወሙት። ቬንካቴሽና ዴቪስ በ2000 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ ግዴታ በሆነ ሥርዓት ውስጥ የአለቃ ፍላጎት መጀመሪያ ላይ ሰዎችን ወደ አጠቃቀም እንደሚገፋ፣ ልምድ እየተገኘ ሲሄድ ግን ጉልበቱ እንደሚደክምና ሰው በራሱ የጥቅም ሚዛን እንደሚፈርድ አሳይተዋል። ማስገደድ በር ያስከፍታል፤ በሩን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ሌላ ነገር ነው።

ወረቀቱን ማን ያምነዋል?

በድንበር ከተማ ለሚኖር ሰው ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብድ አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱም በመጨረሻ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ዋጋ ነው። በዚህ ረገድ ያለው ጥርጣሬ ከምንም አልተነሳም። የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር በ2010 የርቀት ትምህርት እንዲቆም መመሪያ አውጥቶ ነበር። ምንም እንኳ እገዳው ብዙም ሳይቆይ ቢላላ፣ በርቀት የሚማሩ በርካታ ሰዎች ልፋታቸው በአንድ ደብዳቤ ሊሰረዝ እንደሚችል አይተዋል። በኬንያ ደግሞ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን በ2024 በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ2,000 በላይ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃዎች መገኘታቸውን አስታወቀ። እንዲህ ባለ አየር ውስጥ «በኦንላይን ነው የተማርኩት» የሚል ሥራ ፈላጊ ከቀጣሪው የሚጠብቀው የመጀመሪያ ምላሽ ቅንድብ ማንሳት ነው። ተማሪው ይህን አስቀድሞ ያውቃል፤ ኮርሱን ሳይከፍት የሚቀረውም አንዳንዴ በዚሁ እውቀት ነው።

የተሳካ ምሳሌ ፍለጋ ብዙ መሄድ አያስፈልግም። ከሞያሌ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ጋሪሳ ካውንቲ በሚገኘው የዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ከ2013 ጀምሮ የካናዳዎቹ ዮርክና ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ከኬንያዎቹ ኬንያታና ሞይ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመሆን ለስደተኞችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ከፍተኛ ትምህርት ሲሰጡ ነበር። ሙቀቱ፣ የኃይል እጥረቱና የጸጥታው ስጋት ከሞያሌ ቢብስ እንጂ አያንስም። ሆኖም ፕሮግራሙ ተማሪዎችን ለስክሪን ብቻ አልተወም። ዳዳብ ውስጥ የመማሪያ ማዕከል ተሠራ፤ ተማሪዎች በቡድን ገብተው በቡድን ቀጠሉ፤ የገጽ ለገጽ ትምህርት ከበይነ መረቡ ጋር ተቀላቀለ። ማስረጃውም ካምፓስ ገብቶ የተማረ ሰው የሚቀበለው የእነዚያው ዩኒቨርሲቲዎች ማስረጃ ነበር። ባንዱራ ከዘረዘሯቸው ነገሮች ብዙዎቹ እዚያ ይገኛሉ፤ የሚመስሉትን ሰው ሲሳካለት ማየት፣ የሚያበረታታ ጓድ፣ በትንሽ በትንሹ የሚገነባ ስኬት። ገንዘብ ጠይቋል፤ ርካሽ መንገድ አልነበረም።

ዛሬ ዕድሎቹ እየበዙ ነው። የኬንያ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በኦገስት 2023 ቻርተሩን ተቀብሎ ሙሉ በሙሉ በበይነ መረብ የሚያስተምር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ የሞያሌ ነዋሪ ለመመዝገብ የናይሮቢን አውቶቡስ መሳፈር አይጠበቅበትም። በድንበሩ ማዶ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በበይነ መረብ ለማሠልጠን ያለመውን የኮደሮች ፕሮግራም ጀምሯል። በ2023 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው። በእንዲህ ያሉ ዘመቻዎች የተመዘገበ ሰው ቁጥር በፍጥነት ያድጋል፤ ሪፖርትም ያሳምራል። የተመዘገበና የተማረ ሰው ግን አንድ አለመሆኑን የኤምአይቲና የሃርቫርድ ቁጥሮች ከላይ አሳይተዋል።

አንድ ጉዳይ ግን በተማሪውም፣ በመምህሩም፣ በመተግበሪያ ሠሪውም እጅ አይደለም። ኬንያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ናት፤ የማኅበረሰቡ አገሮች አንዱ የሌላውን የትምህርት ማስረጃ የሚያነጻጽሩበት የጋራ ማዕቀፍ አላቸው። ኢትዮጵያ ግን የማኅበረሰቡ አባል አይደለችም። የአፍሪካ አገሮች የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃን እርስ በርስ እንዲያውቁ የሚያስችለው ስምምነት አዲስ አበባ ውስጥ የጸደቀው በ2014 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2019 ነው። እስካሁን ግን ከኬንያው ወገን የተገኘ የበይነ መረብ ዲግሪ ጎዳናውን ተሻግሮ በኢትዮጵያ በኩል ሥራ ሲፈለግበት፣ ማስረጃው በኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መመርመር አለበት፤ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄደውም የኬንያን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን በር ያንኳኳል። ከሞያሌ ተነስቶ ወደ አንደኛው ዋና ከተማ የሚደረገው ጉዞ ደግሞ ዛሬም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።